የሚያንኳኳው ቤት

«እሱስ ታድሎ! አይሰማ፣ አያውቅ፤ ለጥ ብሎ ይተኛል። የምንቃጠለው እኛ ነን እንጂ!»

ምራቲቱ ናት። ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ወትፋ፣ በአንድ እጇ የአማቷን ጭንቅላት ከፍ አድርጋ፣ በሌላው ትራሱን እየገለበጠች ከእናቷ ጋር ታወራለች። ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ የቆመችውን የሽማግሌውን ትልቋን ልጅ አላየቻትም። ልጅቷም ሁሉንም ሰማች። «እሱ» የተባሉት አባቷ ናቸው እኮ! የዛሬ ሁለት ዓመት በሁለት እግራቸው ሲሄዱ «እርስዎ» ነበሩ፤ «አባባ ይቀመጡ፣ አባባ ይብሉ፣ አባባ ፀሐይ ላይ ወንበር ላውጣልዎት» ነበር። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ቀኝ ጎናቸውንና አንደበታቸውን ከያዘባቸው ወዲህ መጀመሪያ የሚያናግራቸው ጠፋና «እሳቸው» ሆኑ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ፣ ማንም ሳያስተውለው፣ «እሱ» ላይ ወርደው አረፉ። ልጅቷ ጉሮሮዋን ጠረገች። ምራቲቱ ደንግጣ ጭንቅላታቸውን ለቀቀችው፤ ትራሱ ገና አልተመቻቸም ነበርና ሽማግሌው አገጫቸው ወደ ጣሪያ ተሰቅሎ ቀረ። «ውይ እትዬ! አሁንማ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ነፍሴ ልትወጣ ነው» አለች ደረቷን ይዛ። ሁለቱም ወደ ሳሎን ወጡ፤ ትራሱን ያስተካከለው የለም።

ትልቋ ልጅ የመድን ድርጅት የጉዳት ገማች ናት። ሱቅ ተቃጠለ፣ መጋዘን ውኃ ገባው፣ መኪና ተገለበጠ ሲባል ሄዳ፣ ዳስሳ፣ አሽትታ፣ ምን እንዳደረሰውና ምን ያህሉ እንደ ጠፋ ትጽፋለች። ደንበኛው እያለቀሰ «እንዲያው ድንገት ነው» ሲላት «ድንገት የሚባል ነገር እኔ አላውቅም» ትለዋለች። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ይፈሯታል። ዘመዶቿ ከኋላዋ «ፖሊሷ» ይሏታል፤ ሰምታለች፣ ደስም ይላታል። ዛሬ ታዲያ የመጣችው አባቷን ልትጠይቅ እንዳይመስላችሁ። ታናሽ ወንድሟ ትናንት ደውሎ «እትዬ፣ በሞቴ፣ ነይና የሆነ ነገር በይን» ብሏት ነው። ቤቱ ሊሸጥ ነው። ገዢዋ ዛሬ ከሰዓት ለመጨረሻ ጊዜ አይታ ቀብድ ልትሰጥ ቀጠሮ ይዛለች። ምራቲቱ ደግሞ ግድግዳው ያንኳኳል፣ መብራቱ ይጠቅሳል፣ ፎቶ ብቻውን ይወድቃል እያለች ሰፈሩን በወሬ ሞልታዋለች፤ ወሬው ገዢዋ ጆሮ ከገባ ሁሉም ነገር አበቃ። ቤቱ ከተሸጠ ወንድሟ የመነጽር ሱቁን ያሰፋል፣ እሷ ድርሻዋን ይዛ ከኪራይ ትገላገላለች፣ አባባ ከከተማው ዳር ያለ የአረጋውያን መጦሪያ ይገባሉ። ቤቱ የአባባ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድተው የሠሩት ነው። ግን «ራሱን የማያውቅ ሰው» ተብለው ፍርድ ቤት ወንድ ልጃቸውን ሞግዚት አድርጎ ሾሞባቸዋል፤ ነገሩ ያለቀው ደግሞ በእሷ በትልቋ ምስክርነት ነው።

«እሺ፣ አሳዪኝ» አለች ጃኬቷን አውልቃ።

መጀመሪያ የኮሪደሩ አምፖል። ምራቲቱ ማንም ሳይነካው እንደሚጠፋና እንደሚበራ ምላ ተገዝታ ነገረቻት። ገማቿ ወንበር ላይ ወጣች፣ አምፖሉን በመሐረብ ይዛ ጠመዘዘችው፣ ወረደች። ልል ነበር። ከባድ መኪና በመንገዱ ሲያልፍ ቤቱ ይነቀነቃል፣ አምፖሉም ይጠቅሳል፤ አለቀ። ቀጥሎ የሟች እናታቸው ፎቶ። ደላላው መጀመሪያ የመጣ ቀን ከግድግዳው ዱብ አለ፤ «እማማ ቤቱ እንዳይሸጥ ፈልገው ነው» ተባለ። ገማቿ ምስማሩ የነበረበትን ቀዳዳ በጥፍሯ ፋቀችው፤ ልስኑ እንደ እርጥብ ዱቄት ረገፈ። ከጣሪያው አሸንዳ የሚወርደው ውኃ ግድግዳው ውስጥ ሲሰርግ ኖሯል። «እማማ ቢሆኑ ኖሮ ፎቶአቸውን ሳይሆን ደላላውን ነበር የሚጥሉት» አለች። የወጥ ቤቱ ቁም ሳጥን በር ብቻውን የሚከፈተው ደግሞ የማጠፊያው ብሎን ወልቆ ነው፤ በቢላ ጫፍ አጠበቀችው። እየቆየች ደስ ደስ አላት። በእውነቱ ሰው ሲሳሳት ማየት የምትወድ ሴት ናት፤ በተለይ ምራቲቱ ስትሳሳት። ገማቿ ፍርሃቷን አንድ ባንድ ስትቀማት ምራቲቱ ተናደደችና «እትዬ፣ አንቺ እኮ ሰይጣን ራሱ ቢመጣ ደረሰኝ ትጠይቂዋለሽ» አለቻት። ሁለቱም ሳቁ። ቀኑን ሙሉ አብረው የሳቁት ያኔ ብቻ ነው።

«ማንኳኳቱ ግን የዚህ ዓይነት አይደለም» አለች ምራቲቱ ሳቋን ውጣ። «ይዞራል። ዕቃ ሳጥብ እዚህ ከማጠቢያው ሥር ነው፤ መታጠቢያ ቤት ስገባ እዚያ ይጠብቀኛል። ቧ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ቧ ይላል። አባባ ክፍል ሲገባ ብቻ ጸጥ። እሱን ይፈራዋል መሰለኝ። እዚያ እየሮጥኩ ሄጄ ስደበቅ ወዲያው ይጠፋል፤ ስወጣ ደግሞ ይከተለኛል። ባለፈው ደግሞ ሬዲዮኑ፣ አልጋው ራስጌ ያለው፣ ራሱን ከፍቶ ሲያወራ ደረስኩበት! ከዚያ ወዲያ ነቅዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።» ገማቿ የሬዲዮኑን ነገር በአንድ ጆሮዋ ሰምታ በሌላው አፈሰሰችው። አሮጌ ሬዲዮ ነው፣ ማብሪያው ልል ይሆናል። ልቧ ማንኳኳቱ ላይ ነበር። «ቱቦ ነው» አለች አፏን ሞልታ። «ውኃ ድንገት ሲቆም ቱቦ ይመታል። የጎረቤት ፓምፕም ሊሆን ይችላል።» ምራቲቱ ዘንቢሏን አንስታ ገበያ ሄደች። ሽማግሌውን የምትተውለት ሰው አግኝታ ከዚያ ቤት ለመውጣት ከጠዋት ጀምሮ ስትጠብቅ ነው የቆየችው።

ብቻዋን የቀረችው ገማች ብዙም አልጠበቀች። ወጥ ቤት ቆማ እጇን ስትታጠብ ከማጠቢያው ሥር ቧ አለ። አንድ ጊዜ። ጠበቀች። ቧ። እውነትም ቱቦው ውስጥ ነው። ግቢ ወጥታ ዋናውን የውኃ መዝጊያ እስኪጨርስ አዙራ ዘጋችው፤ የቧንቧውን ውኃ ከፍታ እስኪንጠባጠብና እስኪደርቅ አፈሰሰችው። በአጥሩ በኩል ጎረቤቱን አየች፤ ሰው የለም፣ ፓምፕም የለም። ስትመለስ ደረቁ ቱቦ ቧ አለ። እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ጸሎት ይጀምራል፤ እሷ ግን ጉንጯ ቀላ፣ እጅጌዋን ሰበሰበች። ውኃ ካልሆነ፣ ፓምፕ ካልሆነ፣ የሚመታው ነገር አለ፤ የሚመታ ነገር ካለ የሚመታበት ቦታ አለ። ቱቦውን በመዳፏ እየዳሰሰች ሄደች። ከወጥ ቤቱ ወጥቶ በኮሪደሩ ግርጌ ይሄዳል፣ መታጠቢያ ቤት ይገባል፣ ከዚያ ግድግዳውን በስቶ ወደ ኋለኛው ክፍል ያልፋል። አባባ ወደ ተኙበት። ቧ ሲል ብረቱ መዳፏ ላይ ነዘራት፤ ወደ መታጠቢያ ቤቱ በቀረበች ቁጥር ንዝረቱ በረታ።

የኋለኛውን ክፍል በር ከፈተች፤ ጸጥ። አባቷ አገጫቸው እንደ ተሰቀለ ጣሪያውን ያያሉ። ዘግታ ወጣች፤ ትንሽ ቆይቶ ቧ። እንደገና ከፈተች፤ ጸጥ። ያኔ ነው ነገሩን ገልብጣ ያሰበችው። የሚጠራ ሰው፣ ሰው ሲመጣለት መጥራቱን ያቆማል እንጂ መንፈስ ሰው ይፈራል ወይ? ወደ መታጠቢያ ቤቱ ተመለሰችና የቤቷን ቁልፍ አውጥታ ቱቦውን ሁለት ጊዜ መታችው፤ ለምን ሁለት ጊዜ እንደሆነ ለራሷም አልገባትም። እጇ ነው ያወቀው። ልጅ ሆና ትምህርት ቤት ሲዘጋ በአባቷ አውቶቡስ ላይ፣ ከሾፌሩ ወንበር አጠገብ የሞተሩ ሽፋን ላይ ነበር የምትውለው፤ ቂጧ እስኪግል። ረዳቱ ከኋላ የአውቶቡሱን ገላ ሁለት ጊዜ ሲመታ «ሂድ» ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ ሲመታ «ወራጅ አለ»። ቤትም ሲገቡ ይህን ቋንቋ አይተዉትም ነበር፤ ምሳ በልተው ጠረጴዛውን ሁለቴ ከመቱ ቤተሰቡ ሁሉ ጫማውን ያጠልቃል። ቁልፏን ይዛ ጠበቀች። ቱቦው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ቧ፤ አንድ ጊዜ። እሷ ሁለት ጊዜ መታች፤ አሁን መልሱ ቶሎ መጣ፣ አንድ ጊዜ፣ ከፊቱ ይልቅ በርትቶ። ወራጅ አለ። የመታጠቢያው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

ከዚያ ገብታ አየች። ማየት ነው ሥራዋ። አልጋው ከግድግዳው ጋር ተለጥፏል፤ ቱቦው ከፍራሹ በላይ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ያልፋል፤ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። በአባባ ግራ እጅ በኩል ቀለሙ የአውራ ጣት ያህል ተፍቆ ብረቱ ያበራል። ግራ እጃቸውን አነሳችው። የጋብቻ ቀለበታቸው አንድ ጎኑ ተጠፍጥፎ፣ ስንጥቁ ውስጥ አረንጓዴ ቀለም ገብቷል። እጅ ከፍንጅ! በሥራዋ ቢሆን ኖሮ ፎቶ አንስታ፣ ፈገግ ብላ ትወጣ ነበር። ቀና ብላ ዓይናቸውን አየች፤ ዓይናቸው እሷ ላይ ነበር። ጺማቸው አድጎ አንገታቸው ደርሷል፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። «አባባ፣ ይሰማዎታል?» አለች፤ ድምጿ የሕፃን ድምፅ ሆነ። እጃቸውን ከእጇ ቀስ ብለው ወሰዱና ቱቦውን አንዴ መቱት። የዛሬ ዓመት፣ ለፍርድ ቤቱ ምስክርነት ልትሰጥ ስትዘጋጅ፣ ከአልጋው በዚህኛው በኩል ቁጭ ብላ «አባባ፣ ከሰሙኝ እጄን ይጭመቁኝ» ያለቻቸው ትዝ አላት። የያዘችው የሞተውን እጅ፣ ቀኙን ነበር። ሐኪሙ «ከጊዜ ጋር ሊሻላቸው ይችላል፣ መልሳችሁ አምጧቸው» ብሎ ነበር፤ መልሶ የወሰዳቸው የለም። እሷ ግን ዳኛው ፊት እጇን አንስታ «ራሴ መርምሬያለሁ፣ ሙያዬ ነው» ብላ ምላለች። ድርጅቷ ውስጥ ሙልጭ ብሎ ለጠፋ ንብረት የሚጻፍ ቃል አለ፤ «ሙሉ ውድመት»። አባቷን እንደዚያ ነበር የዘጋቻቸው።

ወንድሟ ለምሳ ሲመጣ ወጥ ቤት ጠበቀችው። እጁን ሊታጠብ ቧንቧውን ከፈተ፤ ውኃ የለም። «የት ሄደ ውኃው?» አለ።

«የሚያንኳኳው አባባ ናቸው።»

አልደነገጠም። ያ ነው ክው ያደረጋት። ቧንቧውን ቀስ ብሎ መልሶ ዘጋው፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የፕላስቲክ ልብስ ጠርዝ በጥፍሩ መላጥ ጀመረ። ውጭ የሆነች ሴት ልጇን እየተሳደበች አለፈች፤ እሱም እሷም ሴትየዋ እስክትርቅ የሚያዳምጡ መሰሉ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«ምኑን?»

«አታድርቀኝ!»

«አላውቅም እኮ» አለ። «እንዲያው… ጺማቸውን ስላጫቸው ዓይናቸው ምላጩን ይከተላል። ወደ ግራ ሳደርገው ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሳደርገው ወደ ቀኝ። ከዚያ ወዲያ መላጨቱን ተውኩት።» ቀና ብሎ አላያትም። «ምን ላድርግ? ሚስቴ መንፈስ ነው ብላ ስትጮህ መንፈስ ይሁን አልኩ። መንፈስ ምን ያደርገኛል? አባባ ከሆኑ ግን ሁሉንም ሰምተዋል ማለት ነው። ደላላው አልጋው አጠገብ ቆሞ ‹ሽማግሌው መቼ ይነሳልን?› ሲለኝ ‹ኧረ ዕቃ በለው› ብዬው ሳቅን። ሁለታችንም ሳቅን እትዬ።»

ገማቿ ደሟ ፈልቶ ነበር፤ የምትጮኸውን ጩኸት አዘጋጅታ፣ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። «አሁኑኑ ሐኪም እንጠራለን፣ ገዢዋን እንመልሳታለን» አለች። ወንድሟም ያኔ ነው ቀና ያለው፤ የተናደደ አይመስልም፣ የደከመው ሰው ነው የሚመስለው። «ጥሩ» አላት። «ከዚያ ዳኛው ይጠራሻል። ‹መርምሬያለሁ› ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔማ የተባልኩበት ላይ ነው የፈረምኩት። በሐሰት መስክረሽ የአባትሽን ቤት ልታሸጪ ነበር ሲባል መሥሪያ ቤትሽ ምን ይልሻል? ስንቱን ነጋዴ ‹ዋሽተሃል› ብለሽ ባዶ እጁን ሰደሽዋል፤ አሁን ሁሉም ተሰልፎ አይመጣብሽም? እሱም ይቅር። መጀመሪያ ግቢና ራስሽ ንገሪያቸው። ‹አባባ፣ አንድ ዓመት ሙሉ እንደ ዕቃ አይተንዎታል፣ ይቅር ይበሉን› በያቸው። ይኸው በሩ። እኔ ስንት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። አንቺ ጎበዝ ነሽ፤ ግቢ።»

አልገባችም። ወደ በሩ እንኳን አልዞረችም። ያለፈው ጊዜ መጥታ፣ የአባቷ አልጋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ፣ ጥፍሯን እየሞረደች ለጓደኛዋ በስልክ ያለችው ቃል በቃል እየመጣባት ነበር። «መሞት እንኳ አልቻሉበትም እኮ፤ እንደ ሰው መሞት አቃታቸው» ነበር ያለችው። ጓደኛዋ ስቃ፣ እሷም ስቃ። አሁን እዚያ ክፍል ገብታ ዓይናቸውን ማየት ማለት ያቺን ሴት ሆኖ መታየት ማለት ነው፤ ዛሬ ብቻ አይደለም፣ እሳቸው እስካሉ ድረስ፣ በየቀኑ። ሥራዋንም አሰበች፣ ድርሻዋንም አሰበች፣ አልዋሽም፤ ግን ከሁሉም የከበዳት እነዚያ ዓይኖች ነበሩ። ምጣዱ ያረፈበት ምድጃ ላይ አንዲት ዝንብ ትዞራለች። ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች ዝንቧን አዩ።

«ገዢዋን ምን እንበላት?» አለ ወንድሟ በመጨረሻ።

«አየር ነው» አለች። ድምጿ የሥራ ድምፅ ሆኖ ተመልሷል። «ቱቦው ውስጥ አየር ገብቶ ነው።»

ምራቲቱ ዘንቢሏን ይዛ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። «አየር!» አለች። «እንዲያው አየር ነው ይህን ሁሉ ዘመን ያስለቀሰኝ?» ዘንቢሏን መሬት ላይ ጥላ ገማቿን አቅፋ ሳመቻት፤ እውነትም አለቀሰች። ወዲያው ስልኳን አንስታ ለእናቷ ደወለች፣ «አየር ነው አሉ፣ እማዬ፣ እትዬ መርምራ አገኘችው፤ እሷ እኮ የተማረች ናት!» እያለች ወደ ጓሮ ወጣች። ወንድምና እህት ተያዩ። «ሴትየዋ ቤቱን እያየች ቢያንኳኩስ?» አለ እሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እሷ ከማጠቢያው ላይ ሳሙናውን አነሳች፣ ውኃው ዝግ ነውና ከባልዲው በጣሳ ቀዳች።

ጣሳውን አልጋው አጠገብ አስቀምጣ፣ ግራ እጃቸውን ጭኗ ላይ አስተኛችው። ፊታቸውን ላለማየት ጣቶቻቸውን አየች። ሳሙናውን አርሳ የቀለበቱን ዙሪያ አሸችው። እጃቸው ሞቃት ነበር፤ ይህን ያህል ይሞቃል ብላ አልጠበቀችም። መጀመሪያ የምታጥባቸው መሰላቸው፤ ጣቶቻቸውን ዘርጋ አደረጉላት፣ ሕፃን ሲታጠብ እንደሚያደርገው። ቀለበቱን ይዛ መጎተት ስትጀምር ገባቸው። ጣታቸውን አጠፉ። ቀጥላ አቃናችው፤ መልሰው አጠፉት። ከጉሮሯቸው ድምፅ ወጣ፣ ቃል ያልሆነ፣ አጭር። «አይዞዎት» አለች ከልማድ፤ ደግሞ ሳሙና ጨመረች። አንድ ሽማግሌ፣ ግማሽ ገላው የማይሠራ፣ ስንት ይታገላል? አንጓው ላይ ትንሽ ቆዳ ላጠችና ቀለበቱ ወጣ። ጣቱ ላይ ነጭ ቀጭን ክብ ቀረ። ቀለበቱን በቀሚሷ ጠርዝ አድርቃ ኪሷ ከተተችው። ስትነሳ አባባ በባዶ ጣታቸው ቱቦውን ሲመቱ አየቻቸው። ሥጋ ብረት ላይ ምን ድምፅ ያሰማል? እሷም እዚያው ቆማ አልሰማችውም። ከዚያ ትራሱን አስተካከለችላቸው፤ አገጫቸው ወረደ፣ አንገታቸው ተመቸው። ያን ማድረጓ ደግሞ ምን ይሁን ብላ እንደሆነ እንጃ።

ገዢዋ የጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ወፍራም፣ ጨዋ፣ የጠገበ ሰው ርጋታ ያላት ሴት። ጫማዋን በር ላይ ጠርጋ ጠርጋ ገባች። ሳሎኑን አየች፣ መስኮቶቹን ከፍታ ዘጋች፣ ግድግዳውን በአንጓዋ እየመታች ሄደች። ኮሪደሩ ላይ ደርሳ ሳቅ እያለች «ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሰው እንዲያው ይቀባጥራል… ያንኳኳል የሚባለውስ?» አለች። ገማቿ መታወቂያዋን ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየቻት፤ ሙያዋ እንደሆነ፣ ቤቱን ዛሬ ከጠዋት ጀምራ እንደ መረመረች፣ የአምፖሉን፣ የምስማሩን፣ የብሎኑን ነገር አንድ ባንድ ነገረቻት። ሦስቱም እውነት ነበሩና አራተኛውም አብሮ አለፈ። «ቱቦው ውስጥ አየር ነበር፤ አስወጥተነዋል። ይኸው፣ ያዳምጡ።» አራቱም ኮሪደሩ ላይ ቆመው አዳመጡ። ምንም የለም። ምራቲቱ ዓይኗ በደስታ እንባ አቀረረ፤ ወንድሟ የጫማውን ጫፍ ያያል። «እንዲህ ሆኖ ሲነገር ደስ ይላል» አለች ገዢዋ፣ «ሰው ሳይማር ስንቱን ይፈራል።»

የኋለኛው ክፍል በር ላይ ስትደርስ ሻርፗን አስተካከለች። አልጋው ላይ ሽማግሌ መኖራቸውን ደላላው ነግሯታል። ያደገችበት ሥርዓት አለና ገና ከበሩ ጎንበስ አለች። «እንደምን ዋሉ፣ አባቴ?» አለች።

በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። የአባባ ግራ እጅ ከብርድ ልብሱ ላይ ተነሳ። እየተንቀጠቀጠ፣ ቀስ እያለ፣ ክርናቸው እስኪቃና ወጣና መዳፉን ከፍቶ ወደ ሴትየዋ ተዘረጋ። ዓይናቸው እሷ ላይ ነው፤ ከንፈራቸው አንድ ነገር ለማለት ይሠራል። ገዢዋ አንድ እርምጃ ቀረበች፣ ደግሞ ቆመች፣ ወደ ልጆቻቸው ዞረች። «ሰላም እያሉኝ ነው እንዴ?»

ወንድሟ ትንፋሹን ያዘ። ምራቲቱ አፏን ከፍታ አማቷን ታያለች፤ አሁን ገና አንድ ነገር ፊቷ ላይ መጣ፣ ማንኳኳቱ፣ ቱቦው፣ ሬዲዮኑ… ባሏ ክንዷን ይዞ ጭምቅ አደረጋት። ገማቿ ግን ወደ አልጋው ሄደች፤ አልቸኮለችም። የአባቷን እጅ በሁለት እጇ ተቀበለች። እሳቸውም የሚይዝ ሰው መጣልኝ ብለው ጠበቅ አድርገው ያዟት፤ ጣቶቻቸውን ከጣቶቿ ላይ አንድ ባንድ ማላቀቅ ነበረባት።

«ነርቭ ነው» አለች። «እጃቸው አንዳንዴ እንዲህ ብቻውን ይነሳል። ምንም አያውቁም።»

«እግዜር ይማራቸው» አለች ገዢዋ ከልቧ አዝና። ክፍሉን ከጣሪያ እስከ ወለል አየችው፤ ለልጇ መኝታ አስባዋለች። እንዲህ ያለውን ነገር በሽተኛ ፊት መጠየቅ እየከበዳት ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ይሄኛው ክፍል መቼ ነው የሚለቀቅልኝ?»

ገማቿ እጁን ብርድ ልብሱ ውስጥ አስገብታ፣ ጠርዙን እስከ ክርኗ ድረስ ፍራሹ ሥር እየወተፈች አጠበቀችው።

«ከፈለጉ ነገ» አለቻት።